የዳማ ግራ እግር

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ወጣት ጋላቢዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ስለ ሥራዬ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ንግግሩ አልቆ የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከአሥራ ሰባት ዓመት አትበልጥም። «እትዬ፣ ካሸነፏቸው ውድድሮች አንዱን ብቻ እንደገና መጋለብ ይችላሉ ቢባሉ የትኛውን ይመርጣሉ?» አለችኝ። ብዙ ሳላስብ የትልቁን ዋንጫ ውድድር ጠራሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ስለዚያ ቀን ፀሐይ፣ ስለ ሕዝቡ ጩኸት፣ ዋንጫው ምን ያህል ይከብድ እንደነበር አወራሁ። ስንት ጊዜ ያወራሁት ስለሆነ አፌ መንገዱን ያለ እኔ ያውቀዋል።

ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሱ ልክ ነበር፤ እንደገና መጋለብ የምመርጠው እሱኑ ውድድር ነው። ምክንያቱ ግን ለልጅቷ የነገርኋት አይደለም። ስሟን አልጠየቅሁም። ስለዚህ ለእሷ የሚገባውን መልስ ለሁላችሁም መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ከስፖርቱ ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች እንዳትቸገሩ ጥቂት ልበል። ኢቨንቲንግ የሚባለው ውድድር አንድ ጋላቢ ከአንድ ፈረስ ጋር ሦስት ፈተና የሚያልፍበት ነው። መጀመሪያ ድሬሳዥ አለ፤ ፈረሱ ሜዳ ላይ እየተመላለሰ ታዛዥነቱና አረማመዱ ይመዘናል። ቀጥሎ አገር አቋራጩ ይመጣል፤ የማይነቃነቅ ግንድ፣ ቦይ፣ ውሃና ቁልቁለት እየዘለሉ ኪሎ ሜትሮችን መጋለብ ነው። በመጨረሻው ቀን በትንሽ ንክኪ የሚወድቁ አግዳሚ ዘንጎች ይዘለላሉ። ነገሩ የተጀመረው በፈረሰኛ ጦር ነው። በኦሊምፒክ መጀመሪያ የታየው በ1912 በስቶክሆልም ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተወዳደሩት መኮንኖች ብቻ ነበሩ። ሴት በዚህ ውድድር በኦሊምፒክ ለመጋለብ እስከ 1964 መጠበቅ ነበረባት፤ በቶኪዮ አሜሪካዊቷ ላና ዱፖንት ገባች። ሴት በግል የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው ደግሞ ገና በ2021 ነው። ጀርመናዊቷ ዩሊያ ክራየቭስኪ ናት፤ ያውም በባዝራ። ባዝራ የሚንቁ ሰዎች ያን ቀን ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የሦስተኛውን ቀን ዝላይ መኮንኖቹ ያመጡት ለጌጥ አይደለም። ትናንት ያን ሁሉ የጋለበ ፈረስ ዛሬ ለአገልግሎት ብቁ ነው ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው። ለዚህም ነው ከዝላዩ በፊት በጠዋት የፈረስ ፍተሻ የሚደረገው። ዳኞቹና የእንስሳት ሐኪሙ ቆመው ያያሉ፤ እናንተ ፈረሱን ይዛችሁ በደረቅ መሬት ላይ በሶምሶማ ታስሮጣላችሁ። የሚያነክስ ፈረስ ከውድድሩ ይወጣል። ፍተሻው ይኼው ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዳማን የገዛኋት ማንም ሳይፈልጋት ነው። በመዝገብ ላይ ያለው ስሟ ረጅምና የማይያዝ ስለነበረ በመልኳ ዳማ አልናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ጋጣዋ በር ላይ ስትደርሱ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ነው የምትቀበላችሁ። ባልደራሳችን እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከፈረስ ጋር የኖሩ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ባዝራዋን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩና «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ከሰውም ከራሷም የተጣላች ናት። መልሻት» አሉኝ። እኔ ስለ ማርክ ቶድ ነገርኋቸው። ያ መለሎ የኒውዚላንድ ሰው በ1984 በሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ደግሞ በሴኡል ወርቁን የወሰደው ቻሪዝማ በተባለ አነስተኛ ፈረስ ነው፤ ሲቀመጥበት ሰውየው ለፈረሱ የረዘመ ይመስል ነበር። «እሱ ቶድ ነው» አሉ ጋሼ፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

ተሳስተው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዳማ የማትዘልለው ነገር እንደሌለ ገባን። ድሬሳዡ ላይ ጥርሷን እያፋጨች ትበሳጫለች፤ የአገር አቋራጩ መነሻ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ልቧ ሲመታ በኮርቻው በኩል ጉልበቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ጋሼም ቀስ በቀስ ተሸነፉ። በማለዳ ጋጣዋ ውስጥ ሆነው ሲያወሯት እሰማለሁ፤ እኔ ስቀርብ ዝም ይላሉ። በእያንዳንዱ ድል ማግስት «ልመልሳት እንዴ?» እያልሁ እቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር፤ ወይም የሚስቁ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ውድድር ልምጣ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ቀን ዛሬ እንደምታውቁት አልነበረም። ከአገር አቋራጩ በፊት ረጅም የመንገድ ጉዞ፣ ከዚያ በሽምጥ የሚጋለብ የአጥር ዝላይ፣ ከዚያ ሌላ የመንገድ ጉዞ ነበረ። ሁሉም ሲደመር ከሃያ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከዚህ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆመን ሐኪሞቹ የልብ ምቷንና ሙቀቷን ያያሉ፣ እኛ ውሃ እናፈስባታለን፣ ከዚያ ወደ ዋናው ግልቢያ። በኦሊምፒክ ይህ አሠራር የቀረው በ2004 በአቴንስ ነው። መቅረቱ ለፈረሶቹ እንደሚበጅ ብዙዎች ይናገራሉ። እኔ ግን በዚያ ረጅም ጉዞ ላይ ነበር ፈረሴን የማዳምጣት፤ የዛሬ ጋላቢ ፈረሱን የሚያዳምጥበት ጊዜ ከየት ያመጣል እላለሁ። ይህን ያልሁ ሴት ያን ቀን ምን ያህል እንዳዳመጥሁ ደግሞ ስሙ።

ከድሬሳዡ በኋላ ሦስተኛ ነበርን። በአገር አቋራጩ ዳማ ክንፍ አወጣች። መሰናክሎቹን ስትቀርብ ራሷ ርቀቱን ትለካለች፤ የእኔ ሥራ ጣልቃ አለመግባት ነበር። ወደ መጨረሻው አካባቢ ውሃ ነበረ፤ ዘልለን ገባን፣ ተሻገርን፣ ዳርቻው ላይ ያለውን ደረጃ ወጣን። ስትወጣ የግራ የፊት እግሯ ያረፈበት ቦታ ልክ አልነበረም። አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ጭንቅላቷ ከፍ አለ፣ ወዲያው ተስተካከለች። ፈረስ የሚያመው የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ያነሣል፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ያኔ ያየሁት ግን ሰዓቴን ነው። ከተወሰነው ጊዜ አራት ሰከንድ ቀድመናል። አራት መሰናክል ቀርቶናል። የሚቀጥለው እርምጃ ደህና ነበር፣ ከሱ የሚቀጥለውም። ዛቡን ሰብሰብ አደረግሁና ቀጠልሁ። ያለ አንዳች ቅጣት ጨረስን፤ ከፊታችን የነበሩት ሁለቱ ሰዓት አለፈባቸው። ማታ ሰሌዳው ላይ ስማችን አንደኛ ሆኖ ተጻፈ። ከሁለተኛው ጋር ያለን ልዩነት ከአንድ ዘንግ ያነሰ ነው። በዛሬው ደንብ አንድ ዘንግ መጣል አራት ነጥብ ያስቀጣል፤ አንድ ዘንግ ከጣልን ዋንጫው ሄደ ማለት ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ እራት ሲሄድ ጋሼ በልጅ ልከው አስጠሩኝ። ጋጣው ውስጥ ድርቆሹ ላይ ተንበርክከው የዳማን እግር ይዘዋል። ቀና አላሉም። «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። የእጄን ጀርባ መጀመሪያ ቀኝ እግሯ ላይ፣ ቀጥሎ ግራው ላይ አስነኩኝ። ከጉልበቷ በታች ከኋላ በኩል፣ ጅማቱ ላይ፣ የአውራ ጣት የምታህል ቦታ ትሞቃለች። እብጠት የለም። ስጫናት አልሸሸችም፤ ጆሮዋን ብቻ አንቀሳቀሰች።

ስለዚህ ጅማት ጥቂት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከሙት ጅማቶች ናቸው። በግልቢያ ጊዜ እንደ ላስቲክ ይሳባሉ፣ ይመለሳሉ፤ መሃላቸው እስከ 45 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። አንዴ ከተቀደደ የሚድነው በጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ቀድሞው አይሳብም። ጉዳቱ ትንሽ ሆኖ ከተደረሰበትና ፈረሱ ዓመት ያህል ካረፈ የመመለስ ተስፋ አለው። ትንሹን ጉዳት ይዞ ከዘለለ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

«ግንዱ መትቷት ይሆናል» አልሁ። እውነትም ሊሆን ይችል ነበር፤ አገር አቋራጭ የጋለበ ፈረስ እግሩ ላይ ቁስልና ምት አያጣም፣ ምትም ይሞቃል።

«ሊሆን ይችላል» አሉ ጋሼ። «ሐኪሙ ይያት።»

ሐኪሙ ከጋጣው ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። የአልትራሳውንድ መሣሪያውን አምጥቶ እግሯ ላይ ቢያስነካው በሩብ ሰዓት ውስጥ እናውቀዋለን። እዚህ ላይ ነው ልጆቼ፣ ለዓመታት ለራሴ ስዋሽ የኖርሁት። ሐኪሙን ያልጠራሁት ደክሞኝ ነው፣ መሽቶ ነው፣ ምት ነው ብዬ አምኜ ነው እያልሁ ኖሬያለሁ። እውነቱ ግን ከጠራሁት ስለማውቅ ነው። ካወቅሁ ደግሞ ጠዋት ማውጣቴ ነው። ሳላውቅ ከቀረሁ ግን ዳኞቹ ይወስናሉ። ውሳኔዬን ለዳኞቹ አሸከምሁና የእኔ እጅ ንጹሕ እንዲሆን ፈለግሁ።

«በረዶ እናድርግላትና ጠዋት እናያታለን» አልሁ።

ጋሼ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «እኔ ብሆን አልዘልባትም» አሉ። እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ተናግረው አያውቁም፤ የጋላቢን ሥራ ለጋላቢ የሚተዉ ሰው ናቸው። እኔም ደንግጬ፣ ስደነግጥ ደግሞ ክፉ ስለምሆን፣ «እርስዎ እኮ መልሻት ያሉኝ ሰው ነዎት» አልኋቸው።

ቀልድ አልነበረም። እሳቸውም እንደ ቀልድ አልወሰዱትም። ባልዲውን አንሥተው በረዶ ሊያመጡ ወጡ።

ሌሊቱን ሙሉ በየተራ እግሯን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከርን፣ አወጣን፣ አደረቅን፣ በፋሻ ጠቀለልን፣ ኮሪደሩ ላይ አንሸራሸርናት። ሕግ አልጣስሁም። መድኃኒት አልሰጠኋትም፤ የሕመም ማስታገሻ ክልክል ነው፣ እኔም አላሰብሁትም። በረዶ ማንም ያደርጋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እግሯ ከቀኙ እኩል ቀዝቅዞ ነበር። እርግጥ ነው፤ በረዶ ውስጥ ያደረ ነገር ይቀዘቅዛል። ጋሼ ጋማዋን ሹሩባ ሠሯት፣ ቆዳዋን መስተዋት እስኪመስል ወለወሏት። ሥራቸውን አንድ ነገር ሳያጎድሉ ሠሩ። አንድ ቃል ግን አልተናገሩኝም።

ለፍተሻው ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አደረግሁ። ይህን የምነግራችሁ እፍረቴን እንድታዩ ነው፤ የእኔ ኮቴ ድምፅ የእሷን እንዳይረብሸው ብዬ ነበር፤ ወይም ሰው ያንን ሰምቶ እሷን እንዳያዳምጥ። የትኛው እንደነበር አሁን ልለየው አልችልም። ከዳኞቹ ፊት አቆምኋት። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ እግሮቿን በእጁ ዳሰሰ፣ ቀና አለ። «ሂጂ» አሉኝ። በሶምሶማ ሄድሁ። ጠንካራው መሬት ላይ ኮቴዋ ሁለት ሁለት ሲመታ እሰማለሁ፤ እኩል ነው፣ እኩል ነው፣ ከመታጠፊያው በኋላ አንዱ ትንሽ የለዘበ መሰለኝ። ተመልሼ ቆምሁ። አንደኛው ዳኛ ለሌላው አንድ ነገር ሹክ አለ። «እንደገና» አሉኝ። ዳማ ሁለተኛውን ጊዜ በቁጣ ሮጠች፤ ጭራዋን ሰቅላ፣ አንገቷን ቀስራ፣ እንደ ልጅነቷ። ሕመምን የሚደብቅ ቁጣ እንዳለ ከእሷ ነው የተማርሁት። በድምፅ ማጉያው «ተቀባይነት አግኝታለች» ተባለ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ዞር ስል ጋሼ ግላሱን በክንዳቸው ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ስለ ዝላዩ ብዙ የምለው የለኝም። ሌሎች ከእኔ የተሻለ ያስታውሱታል። በግራ መታጠፊያው ላይ የግራ እግሯን አስቀድማ መጋለብ ሲገባት በቀኙ ቀጠለች፤ ለማስለወጥ ሞከርሁ፣ እምቢ አለች፣ ተውኋት። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ዘንግ በኋላ እግሯ ነካችው፤ ማስቀመጫው ላይ ሲንከባለል ሰማሁት፤ አልወደቀም። የድል ዙር በሽምጥ ጋለብናት። እሱ እንኳ ሊቀር ይችል ነበር፤ የድል ዙር ቢቀር ማንም አይቀጣም። አንድ እጄን ሰቅዬ በሽምጥ ጋለብኋት።

ማታ እግሯ አበጠ። በአምስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ወስደናት በመሣሪያው ስናየው ነጭ መሆን ከሚገባው ጅማት መሃል ጥቁር ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳው ያን ሌሊት ምን ያህል እንደነበረ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ለመልሱ የሚሆነውን ሰዓት እኔው ነበርሁ ያባከንሁት። ዳማ ከዚያ በኋላ አልተወዳደረችም። ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት «አርጅቻለሁ ልጄ፣ ይበቃኛል» ብለው ለቀቁ። ያን ዕለት ያጠቧቸው ፋሻዎች ተጠቅልለው በየመጠናቸው መደርደሪያው ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ለአንድ ወር ያህል አልነካኋቸውም፤ ሌላ ፋሻ ገዛሁ።

ለልጅቷ የዋሸኋት ይህንን ነው። ያን ውድድር እንደገና ብጋልበው ቅዳሜ ማታ ላይ አቆመዋለሁ። እንዲህ ስል ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣብኛል። ዋንጫውን ባላገኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጡት ፈረሶች፣ ፈረስ የሰጡኝ ባለቤቶች፣ ያ አዳራሽ፣ የልጅቷ ጥያቄ ራሱ ባልኖረ ነበር። እና በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ሌሊት፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም አይቼ ቢሆን ምን አደርጋለሁ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል። ይህን አንብባችሁ ከእኔ የተሻለ ታደርጋላችሁ የሚል እምነት የለኝም። ሐኪሙን ጥሩ፤ ይህ ብቻ ነው። ሲሞቅ ጥሩት።

በእኛ ጊዜ ያደግንበት ጀብዱ አንዱ የቢል ሮይክሮፍት ነበር። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ አውስትራሊያዊው የ45 ዓመት ሰው በአገር አቋራጩ ላይ ወድቆ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። በማግስቱ ከሆስፒታል ወጥቶ፣ በተሰበረ አጥንት ዘልሎ ለቡድኑ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘ። በ1936 በበርሊንም ጀርመናዊው ኮንራት ፎን ቫንገንሃይም እንደዚሁ አጥንቱ ተሰብሮ ጨርሷል። አሰልጣኞቻችን ይህን ሲነግሩን ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር፤ እኛም «ጋላቢ አያቆምም» ብለን ተማርን። የተማርነው ተጣምሞ ነው። ሮይክሮፍት የሰጠው የራሱን አጥንት ነው። አጥንቱ የእሱ ነበረ። እኔ የሰጠሁት የእኔ ያልሆነ ጅማት ነው፤ ባለቤቷንም አልጠየቅኋትም። ያን ሌሊት ግን ራሴን እንደ ሮይክሮፍት ነበር የማየው።

በመዝገቡ ላይ ፈረስ የሞተባቸውም አሉ። ሉሲንዳ ፕራየር-ፓልመር፣ በኋላ ሉሲንዳ ግሪን፣ በ1976 በእንግሊዝ ባድሚንተን በሚባል ስፍራ የሚደረገውን ትልቅ የኢቨንቲንግ ውድድር ዋይድ አዌክ በተባለ ፈረስ ካሸነፈች በኋላ ፈረሷ እዚያው ሜዳው ላይ ወድቆ ሞተ። ማንም አላጠፋም፤ ሆነ። እሷም ባድሚንተንን በስድስት ልዩ ልዩ ፈረሶች ስድስት ጊዜ አሸንፋለች። እንዲህ ያለ ነገር ዕድል ነው። የእኔን ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅሉት፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ቀላቅዬዋለሁ።

ስለ ቁር፣ ስለ ደረት መከላከያ፣ ሜዳውን በእግር ሦስት ጊዜ ዞሮ ስለ ማየት የምነግራችሁ የለኝም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ፈረስ ላይ ባይወጣ ይሻላል። በዚህ በኩል ከእኛ ትሻላላችሁ። በ1999 በእንግሊዝ በአንድ የውድድር ዘመን አምስት ጋላቢዎች ሲሞቱ እኛ ጥቁር ጨርቅ ክንዳችን ላይ አስረን በሚቀጥለው ሳምንት ጋለብን። ፈረስ ሲጋጨው ተሰብሮ የሚወርድ መሰናክል የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

የማይገባኝ ስልኩ ነው። ፈረስ ከጋጣ ሲወጣ ስልክ፣ ሲጫን ስልክ፣ ሲታጠብ ስልክ። ባለፈው አንድ ልጅ የፈረሱን እግር በቪዲዮ ቀርጾ «ይህ እብጠት ይመስልዎታል?» ብሎ ላከልኝ። እጅህ የት ሄደ ብዬ መለስሁለት። የእጅ ጀርባ የሚያውቀውን የትኛውም ስልክ አያውቀውም። ጋጣ የማያጸዳ ጋላቢም በዝቷል፤ ተሠርቶ ያለቀ ፈረስ ይገዛል፣ ተጭኖ ይቀርብለታል፣ ወርዶ ዛቡን ለሌላ ይሰጣል። እሱ እግሩ መሞቁን ከየት ያውቃል?

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ግን ለመደምሰስ ተነሥቼ ነበር። በቅርቡ አንዲት ወጣት ጋላቢ በትልቅ ውድድር እየመራች ሳለ እሑድ ጠዋት ፈረሷን አወጣች። ማንም አልጠየቃት፤ ገና ፍተሻው አልደረሰም። በስልኳ ጋጣው ውስጥ ቆማ፣ ፈረሱ ትከሻዋን እየነከሰ፣ «እግሩ ሞቀብኝ፣ ዛሬ አንዘልም፣ ደህና ነን» ብላ ለዓለም ሁሉ ተናገረች። አርባ ሰከንድ አይሞላም። እሱን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ልጆቼ ያውቃሉ። ስለ ስልክ የጻፍሁትን አልደመሰስሁም፤ ሁለቱም ይቀመጥ።

ዳማ እርጅናዋን በሣር ሜዳ ጨረሰች። ሁለት ውርንጭላ ወለደች፤ አንደኛው እንደ እሷ ጥርሱን ያፋጫል። የግራ እግሯ ከኋላ በኩል እንደ ቀስት ጎበጥ ብሎ ቀርቷል፤ ለሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይታያል።

ጋሼን ያገኘኋቸው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። «አርጅቻለሁ» ያሉት ሰው በአንድ ውድድር ላይ የሌላ ሰው ፈረስ እግር ሲጠቀልሉ አየኋቸው። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አጠገባቸው ሄጄ ቆምሁ። ምን እንደምል አጥቼ ነበር፤ በየዓመቱ ስለዚያ ሌሊት የምላቸውን አሰናዳ ነበር፣ ከሁሉ አንዱም አልመጣልኝም። እሳቸው ፋሻውን ሳይለቁ ቀና ብለው አዩኝና «የግራ እግሯስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት። ወልዳለች» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረሱ ወጣት ነበር፣ ይቅበጠበጣል፤ ፋሻው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። ልባቡን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያዢልኝ እስቲ» አሉኝ።

ያዝሁላቸው።